ከስናፑ በፊት ያለችው አንድ ሰከንድ

በአሜሪካ ፉትቦል ትንሿ ጥፋት ለዳኛ ለምን ከሁሉ ትከብዳለች?

ጃንዋሪ 26 ቀን 2025፣ ፊላደልፊያ። ያሸነፈ ወደ ሱፐር ቦውል የሚያልፍበት ጨዋታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ባለሜዳው ኢግልስ ኳሷን የዋሽንግተን ኮማንደርስ የጎል መስመር ደጃፍ አድርሷታል። ኢግልስ እዚህ ከደረሰ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ኳርተርባኩ ጄለን ሀርትስ ኳሷን ተቀብሎ ጎንበስ እንዳለ ወደፊት ይገፋል፤ ከኋላው የቆሙት ጓደኞቹ ደግሞ እሱን ይገፉታል። ይህን ግፊያ ማስቆም የቻለ ቡድን ጥቂት ነው።

የዋሽንግተኑ ተከላካይ ፍራንኪ ሉቩ ያገኘው መላ ቀድሞ መዝለል ነበር። ኳሷ የምትነሣበትን ቅጽበት ገምቶ በተጋጣሚዎቹ ላይ ተወረወረ፤ ኳሷ ግን ገና መሬት ላይ ነበረች። ፍላግ የሚባለው ቢጫ ጨርቅ ተጣለ። ሉቩ ደገመው፤ ጨርቁም ተደገመ። ከዚያ ደግሞ ሌላ የቡድኑ ተጫዋች ቀድሞ ገባ። ለዚህ ጥፋት የሚሰጠው ቅጣት በተለመደው ቦታ አምስት ያርድ ነው። እዚያ ግን የቀረው ርቀት ራሱ ከአምስት ያርድ በጣም ያነሰ በመሆኑ ዳኞቹ ማድረግ የሚችሉት የቀረውን ማጋመስ ብቻ ነበር። ግማሹም ሲጋመስ ቅጣቱ ቅጣት መሆኑ ቀረ። ቀድሞ ለሚዘል ተከላካይ የሚያጎድልበት ነገር አልነበረም።

ዋና ዳኛው ሾን ሆኩሊ ማይክራፎናቸውን ከፍተው ለስታዲየሙ ሕዝብ አንድ ነገር አስታወቁ፤ ይህ ድርጊት ከተደጋገመ ዳኞች ነጥቡን ለኢግልስ ሊሰጡ እንደሚችሉ ለዋሽንግተን ተነግሮታል። ማንም ኳስ ይዞ መስመር ሳያልፍ፣ በዳኛ ውሳኔ ብቻ ነጥብ ማለት ነው። ሕጉ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥልጣን አለ፤ ሲሠራበት ያየ ሰው ግን ማግኘት ይከብዳል። ማስጠንቀቂያው በቂ ሆነ። ሀርትስ ነጥቡን በተለመደው ግፊያ አስቆጠረ፣ ኢግልስም 55 ለ 23 አሸነፈ።

ዋሽንግተንና ዙሪያዋ በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ናት። ኮማንደርስ የብዙ ልጆቻችን ቡድን ነው። ልጅ የሚደግፈውን አብሮ እያየ ሕጉን በከፊል የለመደ ወላጅ ብዙ ነው፤ ታችዳውን ምን እንደሆነ ያውቃል፣ አሥር ያርድ ማለፍ ምን እንደሚያስገኝ ያውቃል። ኳሷ ገና ሳትነሣ ጨዋታው ስለሚቆምበት ምክንያት ሲጠየቅ ግን ልጁም ቢሆን አጥርቶ አይመልስም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቅጽበት ነው።

የማንም ያልሆነችው ቀጠና

በሁለት ግጭቶች መካከል ያለው ጊዜ በቴሌቪዥን ሲታይ እረፍት ይመስላል። ዳኞች ግን ከባዱን ሥራቸውን የሚሠሩት ያኔ ነው። ኳሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። ይህችው ርዝመት ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ስትዘረጋ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የማንም ያልሆነች ጠባብ ቀጠና ትፈጥራለች። ወደዚያ መግባት የሚፈቀድለት ኳሷን ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሴንተር ብቻ ነው። ያ ማቀበል ስናፕ ይባላል፤ ጨዋታውን የሚያስጀምረውም የዳኛ ፊሽካ ሳይሆን እሱ ነው።

አጥቂው ቡድን ከተሰለፈ በኋላ አሥራ አንዱም ተጫዋቾች አንድ ሙሉ ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆም አለባቸው። ከዚያ አንድ ሰው፣ እሱም ከመስመሩ ኋላ ያለ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እየሄደ ስናፑን ሊጠብቅ ይችላል። ወደፊት መሄድ ክልክል ነው። እጁን መሬት ላይ የተከለ የውስጥ መስመር ተጫዋች ደግሞ እጁን ማንሣት እንኳ አይፈቀድለትም። ተከላካዩ ግን ነፃ ነው። ይሮጣል፣ ቦታ ይቀያየራል፤ ስናፑ ሲደረግ ግን ቀጠናዋ ውስጥ መገኘት የለበትም።

ከዚህ በኋላ ጥፋቶቹ በሁለት መንገድ ይለያያሉ፤ ተመልካች የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። የአጥቂው ቡድን ተጫዋች ኳሷ የተነሣች በሚያስመስል ሁኔታ ድንገት ከተነቃነቀ ፎልስ ስታርት ይባላል። ፊሽካው እዚያው ይነፋል፣ ጨዋታው አይጀመርም። ምክንያቱ ደኅንነት ነው። በግንባሩ ቆሞ የሚጠብቀው ተከላካይ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በትንሽ እንቅስቃሴ ለመተኮስ የሠለጠነ ሰው ነው፤ አንዱ ወገን ተጀመረ ሲል ሌላው አልተጀመረም ብሎ ከቆመ ሰው ይጎዳል። ሁለት ሰዎች አብረው ተንቀሳቅሰው ሳይረጉ ስናፑ ቢደረግ፣ ወይም ተንቀሳቃሹ ሰው ወደፊት እየሄደ ቢደረግ ግን ዳኛው ጨርቁን ጥሎ ዝም ይላል። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ከዚያ የተበደለው ቡድን ቅጣቱን ወይም የተገኘውን ውጤት ይመርጣል። ተከላካይ ኦፍሳይድ፣ ማለትም ቀጠናዋ ውስጥ፣ ሆኖ ስናፑ ሲደረግም እንዲሁ ነው። ኳርተርባኩ አሮን ሮጀርስ ተከላካዮችን በድምፁ እያታለለ ቀድመው እንዲገቡ በማድረግና ጨርቁ መውደቁን አይቶ ኳሷን ያለ ስጋት ሩቅ በመወርወር ስሙን የተከለው በዚህ ሕግ ነው።

ጥፋትን ጨዋታ ሳያቆሙ መመዝገብ የተቻለው ጨርቁ ከመጣ ወዲህ ነው። ቀድሞ ዳኞች ጥፋት ሲያዩ በመለከትና በፊሽካ ነበር የሚያሳውቁት፤ ድምፁም ተጫዋቹን ያደናግረው ነበር። በ1941 የያንግስታውን ኮሌጅ አሠልጣኝ ድዋይት ቢድ ዳኞች ቀለም ያለው ጨርቅ ቢጥሉ ይሻላል ብለው አሰቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ጨርቆች የሰፉት ባለቤታቸው ነበሩ። የባለሙያዎቹ ሊግ ኤን ኤፍ ኤል በ1948 ተቀበለው።

> አንዱ ወገን ተጀመረ ሲል ሌላው አልተጀመረም ብሎ ከቆመ ሰው ይጎዳል።

ዓርብ ማታ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ

ይህን ሥራ በቅርብ ለማየት ኤን ኤፍ ኤል ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በመጸው ወራት ዓርብ ማታ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሜዳ መብራት ይበራል። የተማሪዎቹ ሙዚቃ ጓድ ከበሮውን ይመታል፤ የብረት መቀመጫው ይቀዘቅዛል። ከተመልካቹ መካከል ከጃኬቷ ላይ ጋቢ የደረበች እናት ማየት፣ ከኋላ በአማርኛ ሲጨዋወቱ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። የሁሉም ዐይን ኳርተርባኩ ላይ ነው። እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ዐይንዎን ከእሱ ያንሡና በሜዳው ዳር ባለ ነጭና ጥቁር መስመር ማሊያ ለብሶ የቆመውን ሰው ይመልከቱ።

ከመስመሩ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ዳኛ ይቆማል። በኤን ኤፍ ኤል አንደኛው ዳውን ጀጅ፣ ሌላኛው ላይን ጀጅ ይባላሉ። ቀጠናዋን በጎን በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሆና የሚያዩዋት እነሱ ብቻ ናቸው። ከተመልካች መቀመጫ አንድ ተከላካይ ገብቷል ወይስ አልገባም ለማለት አይቻልም፤ ካሜራም ከትክክለኛው ጎን ካልቆመ ይሳሳታል። ዳኛው በአቅራቢያው ያለው ኳስ ተቀባይ ከመስመሩ ኋላ መሆኑን ሲያይ ክንዱን ወደ አጥቂው ሜዳ ዘርግቶ ያሳያል፤ በወዲያኛው ዳር ያለው ዳኛ ያን አይቶ የራሱን ያሰላል። ጠንቃቃ ተቀባይ ከመቆሙ በፊት ዞር ብሎ ዳኛውን ያያል፣ በጣቱም ይጠይቀዋል፤ ልክ ነኝ?

ከዚያ ያቺ ሰከንድ ትመጣለች። ልምድ ያላቸው ዳኞች ለጀማሪ የሚነግሩት ዐይኑን አንድ ቦታ እንዳይተክል ነው። ኳሷን ብቻ የሚያይ የእንቅስቃሴውን መነሻ ያጣል፤ ተጫዋቹን ብቻ የሚያይ ደግሞ ስናፑ መቼ እንደተደረገ አያውቅም። ሁለቱንም በአንድ እይታ መያዝ አለበት።

ከባዱ ግን ማን እንደተንቀሳቀሰ ማየቱ አይደለም። ማን ማንን እንዳስነሣ መለየቱ ነው። ተከላካዩ ዘለለ፤ አጥቂው ደነገጠና ተነሣ። ወይስ አጥቂው ቀድሞ ትከሻውን አነቃነቀና ተከላካዩ ተከተለው? ለተመልካች ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በሕጉ ግን አንዱ የዚህ ቡድን፣ ሌላው የዚያ ቡድን ጥፋት ነው። ተከላካዩ ቀጠናዋ ውስጥ ገብቶ ፊት ለፊቱ ያለውን ካስደነገጠ ጥፋቱ የተከላካዩ ነው። ወደ ቀጠናዋ ሳይገባ እንደ ወትሮው ቦታ ሲቀያይር አጥቂው ደንግጦ ቢነሣ ግን ጥፋቱ የአጥቂው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱ የመስመር ዳኞች ወደ መሐል ገብተው ሲነጋገሩ ይታያሉ። ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ድክመት ይቆጥረዋል። እኔ ግን ከሁሉ የታመነው ውሳኔ እሱ ነው እላለሁ፤ ከተለያየ ጎን ያዩ ሁለት ሰዎች ያዩትን ካመሳከሩ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ነውና።

የልጆቹ ሕግ ከባለሙያዎቹ ይለያል፤ ወላጆች ከቴሌቪዥን የለመዱትን ይዘው የሚጮኹትም በዚህ ምክንያት ነው። በኤን ኤፍ ኤል አንድ ተከላካይ ማንንም ሳይነካና ሳያስደነግጥ ቀጠናዋን ረግጦ ከስናፑ በፊት ቢመለስ ምንም አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ኳሷ ለጨዋታ ከተዘጋጀች በኋላ የገባ ገብቷል፤ ፊሽካው ይነፋል። ነፃ ጨዋታ የሚባለው የሮጀርስ ብልሃት እዚያ አይሠራም። ይህ ልዩነት ልክ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ግማሽ ቆሞ ግማሽ ተጀምሮ በሚቀጥል ጨዋታ ውስጥ መተው የለበትም።

ሕጉ የመጣበት መንገድ

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

በ1892 ሃርቫርድ ከዬል ሲጫወት አዲስ ስልት ይዞ ወጣ። ተጫዋቾቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው ከሩቅ በሩጫ መጡና ኳሷ ስትነሣ በተጋጣሚያቸው አንድ ሰው ላይ በሽብልቅ ቅርጽ ገጠሙ። ያኔ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መሮጥ አልተከለከለም ነበር፤ የሚመጣው ክብደትና ፍጥነት ተደምሮ የሚያርፈው ደግሞ መከላከያ ባልለበሰ ሰው ላይ ነው። ስልቱ በየኮሌጁ ተዛመተ፤ ጉዳቱ ስለበዛ በ1894 ታገደ። የጅምላ ግፊያው ግን በሌላ መልክ ቀጠለ። በ1905 የውድድር ዘመን ጋዜጦች 18 ያህል ሟቾችን ቆጠሩ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የትልልቆቹን ኮሌጆች ተወካዮች ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲስተካከል አሳሰቡ።

በ1906 ሕጉ ተለወጠ። ሰው የሚያስታውሰው ያን ዓመት የተፈቀደውን የፊት ውርወራ ነው። ግን በዚያው ዓመት ነው በሁለቱ መስመሮች መካከል የኳስ ርዝመት ያህል ቀጠና የተደነገገው። ከዚያ በፊት ሁለቱ መስመሮች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ኳሷ ሳትነሣ እየተጓተቱና እየተማቱ ነበር የሚጠብቁት። ያቺ 28 ሴንቲ ሜትር ሰዎችን ለያየች፤ ዳኛም የሚያየው ነገር አገኘ።

የአንድ ሰከንዷ ሕግ የመጣችው ቆይታ ነው፤ መነሻዋም ጉዳት ሳይሆን ብልጠት ነበር። በ1920ዎቹ የኖትር ዳም አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒ ተጫዋቾቹን ከተሰለፉበት በአንድ ምት ወደ ሌላ ቦታ ያዘዋውራቸውና ተከላካዩ ሳይዞር ኳሷ ትነሣ ነበር። የሚያምር እንቅስቃሴ እንደነበር ያዩት ጽፈዋል። ተጋጣሚዎች ግን ተጫዋቾቹ እውነት ቆመው ነበር ወይስ እየሄዱ ነው የጀመሩት ብለው ዘወትር ይከራከሩ ነበር፤ ዳኛም ለመፍረድ ይቸግረው ነበር። በ1927 ሕግ አውጪዎቹ ከመዘዋወር በኋላ አንድ ሙሉ ሰከንድ መቆም ግዴታ ነው አሉ። ሮክኒ አልወደደውም፤ ሕጉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አንድ ከተማ ሲጮህ

ተጫዋቹ ለምን ቀድሞ ይነሣል? የስናፑን ጊዜ የሚያውቀው የራሱ ቡድን ብቻ ነው፤ ኳርተርባኩ በድምፁ ይቆጥራል፣ በተስማሙበት ቃል ላይ ኳሷ ትነሣለች። ይህ ዕውቀት የአጥቂው ትልቅ ጥቅም ነው። ባለሜዳ ሕዝብ የሚጮኸው ይህን ጥቅም ለመንጠቅ ነው።

ኖቬምበር 27 ቀን 2005 ሲያትል ውስጥ የኒው ዮርክ ጃየንትስ ተጫዋቾች በአንድ ጨዋታ 11 ጊዜ ፎልስ ስታርት ተፈረደባቸው። የኳርተርባካቸውን ድምፅ መስማት አልቻሉም። ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓት 24 ለ 21 በሲያትል አሸናፊነት ካለቀ በኋላ አሠልጣኙ ማይክ ሆልምግሬን የጨዋታውን መታሰቢያ ኳስ ለደጋፊው ሰጡ። በካንሳስ ሲቲ አሮውሄድ ስታዲየም በ2014 የተለካው ጩኸት 142.2 ዴሲቤል ነበር።

ቡድኖች መፍትሔ ፈልገዋል። ድምፅ በማይሰማበት ሜዳ ሴንተሩ ጭንቅላቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ኳርተርባኩን ያያል፤ ወይም ጎኑ ያለው ጓደኛው ምልክቱን አይቶ በእጁ ይነካዋል። ሁሉም የኳሷን መነሣት በዐይን ጥግ ይጠብቃል። የዚህ ዋጋ መዘግየት ነው፤ አጥቂውም ተከላካዩም ኳሷን እኩል ያያሉ፣ ጥቅሙ ጠፋ። ስለዚህ አንዳንዱ የመስመር ተጫዋች በግምት መነሣት ይጀምራል። ትክክል ከገመተ ድንቅ ይመስላል፤ በመቶኛ ሰከንድ ከቀደመ ጥፋተኛ ነው። ልዩነቱን የሚያየው ያ በዳር የቆመው ሰው ነው።

ዐይንና ካሜራ

በ2011 የዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ዩሴን ቦልት በ100 ሜትር ፍጻሜ ቀድሞ ተነሥቶ ከውድድር ሲወጣ ያላየ የእኛ ሰው ጥቂት ነው፤ ኢብራሂም ጄይላን ሞ ፋራህን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ያለፈው በዚያው ሻምፒዮና ነበር። በሩጫ መነሻው ላይ መሣሪያ አለ፤ እግሩ መቼ እንደገፋ ይለካል። በፉትቦል መስመር ላይ እንዲህ ያለ መለኪያ የለም። ፎልስ ስታርት በቪዲዮ ተመርምሮ አይሻርም፣ ያልተጠራም በቪዲዮ አይጠራም። ተመልካቹ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ በዝግታ ደጋግሞ ያያል። ዳኛውን የሚጎዳው ይህ አለመመጣጠን ነው።

በ2023 የውድድር ዘመን መክፈቻ የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የመስመር ተጫዋች ጃዋን ቴይለር ከኳሷ እየቀደመ እንደሚነሣ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ደጋግመው አሳዩ፤ አገር ምድሩ ተነጋገረበት። በሚቀጥለው ሳምንት ዳኞች ዐይናቸውን ጣሉበት፤ ጨርቁ በእሱ ላይ ዘነበ። በዚያ ሰሞን ግማሹ ሰው ዳኞችን ዕውሮች ሲል ግማሹ ቂመኞች አላቸው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ኢግልስ ካንሳስ ሲቲን ሲያሸንፍ በዚያ በታወቀው ግፊያ ላይ የኢግልስ የመስመር ተጫዋቾች ኳሷ ሳትነሣ ሲንቀሳቀሱ በዝግታ ምስል ታየ፤ ዳኞቹ አልጠሩትም። ከዚያ በፊት በሜይ ግፊያውን ለማገድ የቀረበው ሐሳብ ከሚያስፈልገው 24 የክለብ ድምፅ 22 አግኝቶ ወድቆ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ከሚያነሡት አንዱ ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰው ጎንበስ ብሎ በተጠጋጋበት ክምር ውስጥ ማን ቀድሞ እንደተነሣ ዳኛ ማየት አይችልም። በዚህ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ። ዳኛ ሊያየው የማይችለውን ነገር እንዲፈርድ ማድረግ ለዳኛውም ለጨዋታውም በደል ነው።

> ተመልካቹ በዝግታ ደጋግሞ ያየዋል፤ ዳኛው አንድ ጊዜ ብቻ።

ከሁሉ የከረረው ክርክር ግን የመጣው ስለ መቆሚያ ቦታ ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2023 ቺፍስ በሜዳው በቡፋሎ ቢልስ 20 ለ 17 እየተመራ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቀረውም። ትራቪስ ኬልሲ ኳሷን ተቀበለና ሊያዝ ሲል ወደ ኋላ ለካዳሪየስ ቶኒ ወረወረለት፤ ቶኒ ሮጦ አስቆጠረ። ስታዲየሙ ፈነዳ። ቢጫው ጨርቅ ግን ቀድሞ ወድቆ ነበር። ቶኒ ስናፑ ሲደረግ እግሩ ቀጠናዋ ውስጥ ነበር፤ የአጥቂ ኦፍሳይድ። ነጥቡ ተሰረዘ፣ ቡፋሎ አሸነፈ። ኳርተርባኩ ፓትሪክ መሆምስ በቁጣ ጮኸ። አሠልጣኙ አንዲ ሪድ አብዛኛውን ጊዜ ዳኞች ለእንዲህ ያለ ነገር አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ አሉ። ዋና ዳኛው ካርል ቼፈርስ በበኩላቸው ማስጠንቀቅ የዳኛ ግዴታ እንዳልሆነ አስረዱ።

ብዙ ደጋፊ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ውብ ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር መጠራት አልነበረበትም ይላል። አልስማማም። በመጀመሪያው ሩብ ጥፋት የሆነ ነገር በመጨረሻው ደቂቃ ጥፋት ካልሆነ ሕጉ የሚሠራው ምንም በማይለወጥበት ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ቶኒ ከመቆሙ በፊት ዞር ብሎ ዳኛውን ቢጠይቀው ኖሮ መልሱን ያገኝ ነበር። ጨርቁ በትክክል ነው የተጣለው።

በዳር ስለሚቆመው ሰው

በኤን ኤፍ ኤል እንኳ አብዛኞቹ ዳኞች ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሣራ ቶማስ በ2015 በሊጉ የመጀመሪያዋ ቋሚ ሴት ዳኛ ስትሆን፣ በ2021 ደግሞ ሱፐር ቦውል ስትዳኝ የቆመችው በዚሁ የመስመር ጫፍ፣ በዳውን ጀጅነት ነው። በትምህርት ቤት ደረጃ ያሉት ቀን በመሥሪያ ቤታቸው ውለው ማታ ሜዳ የሚወጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቁጥራቸው እየሳሳ ነው። ብዙ የአሜሪካ አካባቢዎች ዳኛ አጥተው የዓርብ ጨዋታዎችን ወደ ሐሙስና ቅዳሜ ያዛወሩበት ጊዜ አለ። ሥራውን የሚተዉት ደጋግመው የሚያነሡት ምክንያት የክፍያው ማነስ ብቻ ሳይሆን የወላጆችና የአሠልጣኞች ስድብ ነው።

እኛም በእነዚያ መቀመጫዎች ላይ አለንበት። ልጃችን ተነሣ ተብሎ አምስት ያርድ ሲመለስ ያመናል፤ ግን ከተቀመጥንበት ቀጠናዋ አትታየንም፣ ለእሱ ትታየዋለች። ስለዚህ ከመጮህ በፊት ከጨዋታው በኋላ ልጁን ራሱን መጠየቅ ይሻላል፤ ተነሥቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል። ደግሞም ጨዋታውን እየወደደ መጫወት ያቆመ ወንድም ሆነ እኅት ቤታችሁ ካለ፣ የአካባቢያችሁ የዳኞች ማኅበር የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት አዳዲስ ሰዎችን ያሠለጥናል፤ ላኳቸው።